የሕንፃ የደኅንነትና የጤና መሣሪያዎች ጥገና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሕንፃ ለሚያስተዳድሩ፣ ለጥገና ሠራተኞች፣ ለጥበቃና ለጽዳት ኃላፊዎች የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ልኬቶችና የጊዜ ገደቦች በብዙ አገሮች የሚሠራባቸው ናቸው። ያሉበት አገር ሕግ ወይም የመሣሪያው አምራች ጠበቅ ያለ ነገር ካዘዘ ግን እሱን ይከተሉ።

የደኅንነትና የጤና መሣሪያ የሚባለው የቱ ነው?

ሰው በአደጋ ጊዜ ከሕንፃው በሕይወት እንዲወጣ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ውስጡ ሳይታመም እንዲውል የሚያደርግ ሁሉ። የእሳት ማጥፊያ፣ ጭስ ጠቋሚ፣ ማንቂያ ደወልና የመውጫ ምልክት ሁሉም የሚያስታውሳቸው ናቸው። እሳት የሚከላከል በርና በሩን የሚመልሰው ክንድ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የበረንዳ አጥር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠው ብሬከር፣ የውሃ ታንከር ክዳን፣ የመጸዳጃ ቤት አየር ማውጫ፣ የወለል ፍሳሽ ሲፎን ግን ይረሳሉ።

እነዚህን ከሌላው ዕቃ የሚለያቸው ብልሽታቸው በአዘቦት ቀን አለመታወቁ ነው። ሊፍት ሲቆም ወዲያው ስልክ ይደወላል። የአደጋ ጊዜ መብራት ባትሪ ሲሞት ግን መብራት እስኪጠፋ ድረስ ማንም አያውቅም። ስለዚህ «አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ መጠየቅ ያለበት «መጨረሻ የተሞከረው መቼ ነው? ምንስ ተገኘ?» ነው።

ገንዘብም ሰውም ያጥረናል። ከየት እንጀምር?

ከመውጫ መንገዱ ይጀምሩ። ሌላው ሁሉ ቢከሽፍ እንኳ መውጫው ክፍት ከሆነ ሰው ይተርፋል። ወጪውም ትንሽ ነው፤ ካርቶን ማንሳት፣ ጓጉንቸር መፍታት፣ ያዘቀዘቀ በር ማቃናት።

ከላይኛው ፎቅ፣ ከመውጫው በጣም ከሚርቀው ክፍል ተነስተው እስከ ውጭ በእግርዎ ይሂዱ። አንዴ ሕንፃው በሰው በተሞላበት ሰዓት፣ አንዴ ከመሸ በኋላ። ማታ ላይ ቀን ያልነበረ ነገር ይገኛል፦ በጊዜ የሚቆለፍ የግቢ በር፣ ደረጃ ሥር የሚያድር ሞተር ሳይክል፣ የተቃጠለ አምፖል። ሕንፃውን ርቀው ሜዳ ወይም መንገድ እስኪደርሱ ጉዞው አላለቀም። «መውጫ» የተባለው በር የሚያደርስዎ አጥሩ ወደተቆለፈ ጓሮ ከሆነ መውጫ አይደለም።

ደረጃ ሥር ፍራሽ፣ ቀለም ወይም አሮጌ ወንበር ማከማቸት በተለይ መጥፎ ነው። ትኩስ ጭስ ሽቅብ ስለሚሳብ፣ ታች የተነሳ ትንሽ እሳት የላይኛውን ፎቅ ሰው ብቸኛ መንገድ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋዋል። «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተቀመጠ ዕቃም ቢሆን ይነሳ።

ሌባ እንዳይገባ የአደጋ መውጫውን ብንቆልፈውስ? ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው።

አይቻልም። ጭስ በሞላበት ኮሪደር ጥበቃውን ፈልጎ፣ ከቁልፍ ዘለላ ውስጥ ትክክለኛውን ለይቶ የሚከፍት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1911 ኒው ዮርክ ውስጥ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ 146 ሰዎች ሲያልቁ ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። በ1942 ቦስተን ውስጥ በኮኮነት ግሮቭ የምሽት ክበብ 492 ሰዎች ሲሞቱ ደግሞ ዋናው በር ተሽከርካሪ ነበር፤ ከሌሎቹ በሮች የተቆለፉም ወደ ውስጥ የሚከፈቱም ነበሩባቸው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሰው ከኋላ እየተገፋ ሲደገፍበት አይከፈትም። ከ50 ሰው በላይ የሚይዝ ክፍል በሩ ወደ መውጫው አቅጣጫ እንዲከፈት የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

የሌባው ስጋት እውነት ነው፤ መፍትሔውም አለ። ከውጭ እጀታ የሌለው፣ ከውስጥ ግን በሰውነት ሲገፋ የሚከፈት አግዳሚ ዘንግ ያለው በር ይግጠሙ። ሠራተኛ ዕቃ ያወጣበታል ብለው ከሰጉ በሩ ሲከፈት የሚጮህ ትንሽ ማንቂያ ይጨምሩበት። በማግኔት የሚቆለፍ በር ካለዎት ሁለት ነገር ይሞክሩ፤ የእሳት ማንቂያው ሲጮህ ይለቃል? ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥስ ይለቃል? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይሞከርም። የማግኔቱ የራሱ ባትሪ መብራት ከጠፋም በኋላ በሩን ቆልፎ ሲይዝ ይገኛል።

እሳት የሚከላከል በር አስቸጋሪ ስለሆነ በሽብልቅ አስደግፈነዋል። ምን ችግር አለው?

ክፍት የሆነ እሳት ተከላካይ በር ምንም አይከላከልም። ሰው በሽብልቅ የሚያስደግፈው ግን ብዙ ጊዜ በሩ ስለሚከብደው ወይም በኃይል ስለሚላተም ነው፤ ስለዚህ ሽብልቁን መንጠቅ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ነገ ሌላ ሽብልቅ ይመጣል። በሩን የሚመልሰው ክንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብሎኖች አሉ። አንዱ በሩ በአጠቃላይ የሚመለስበትን ፍጥነት፣ ሌላው መጨረሻ ላይ መቀርቀሪያው ውስጥ የሚገባበትን ኃይል ይወስናል። ሩብ ዙር ብቻ እያዞሩ ይሞክሩ። ብሎኑን ሙሉ በሙሉ ከፈቱት ውስጡ ያለው ዘይት ይፈሳል፤ ዘይት ያፈሰሰ ክንድ ደግሞ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

ሰው የሚበዛበት ኮሪደር ከሆነ በሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ፣ ማንቂያ ሲጮህ ግን የሚለቅ ማግኔት ማስገጠም የተሻለ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይልቀቁት፤ ቀጥሎ ግማሽ ከፍተው ይልቀቁት፤ በመጨረሻ አንድ ጣት የሚያህል ብቻ ከፍተው ይልቀቁት። በሦስቱም ጊዜ እጅ ሳይነካው ተመልሶ መቀርቀሪያው ጠቅ ማለት አለበት። የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ነው። ከዚያ በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ በጎንና በላይ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። በጠርዙ ዙሪያ የሚሄደው፣ ሙቀት ሲነካው አብጦ ክፍተቱን የሚደፍነው ማሰሪያ እንዳልተላጠና በወፍራም ቀለም እንዳልተሸፈነ ይዩ። በማጠፊያው ላይ አንድ ብሎን እንኳ መጉደል የለበትም።

የእሳት ማጥፊያው ጠቋሚ አረንጓዴው ላይ ነው። ይበቃል?

ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን አይበቃም። ጠቋሚው የሚናገረው ስለ ግፊት ብቻ ነው። የዱቄት ማጥፊያ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር ዱቄቱ ታች ረግቶ ሊጋገር ይችላል፤ ግፊቱ ሙሉ ሆኖ ሲጫኑት ጋዙ ብቻ ይወጣል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ደግሞ የግፊት ጠቋሚ ስለሌለው በሚዛን ነው የሚታወቀው። አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የሙሉ ክብደት ቁጥር ያንብቡና ይመዝኑት፤ ከጋዙ 10 በመቶ ከጎደለ ለሙሌት ይላካል።

በየወሩ የሚታየው ይህ ነው፦ ቦታው ላይ አለ ወይ፣ ከፊቱ ዕቃ ተደርድሯል ወይ፣ ፒኑና ማኅተሙ አልተነካም ወይ፣ ጎማው ተሰንጥቋል ወይ፣ አፉ ላይ ነፍሳት ጎጆ ሠርተዋል ወይ፣ ሥሩ ዝጓል ወይ። ይህን ማንም የሠለጠነ ሠራተኛ ያየዋል። በዓመት አንዴ ደግሞ ባለሙያ ይፈትሸዋል። የዱቄት ማጥፊያ በ6 ዓመት ተከፍቶ ውስጡ ይታያል፤ በ12 ዓመት ገላው በውሃ ግፊት ይፈተናል። የካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ማጥፊያ የግፊት ፈተና በየ5 ዓመቱ ነው።

«ትንሽ ብቻ ሞክረነው ነበር» የሚባል ነገር የለም። የዱቄት ማጥፊያ ለአንድ ሰከንድም ቢጫኑት ጥቂት ዱቄት በቫልቩ መቀመጫ ላይ ይቀራል፤ ቫልቩም በደንብ ስለማይገጥም ግፊቱ ቀስ በቀስ ያልቃል። የተጫነ ማጥፊያ ዛሬውኑ ለሙሌት ይሂድ፤ ቦታውም ባዶ አይደር።

የሚሰቀለው ከመሬት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ እጀታው ግን ከ1.5 ሜትር ሳይበልጥ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃው አጠገብ ሳይሆን በሩ ጋ ይሁን፤ ዘይት እየነደደ ምድጃውን አልፎ ማጥፊያ የሚያነሳ የለም።

ጭስ ጠቋሚው ያለ ምክንያት ይጮሃል። ነቅለነዋል።

ምክንያት አለው፤ መልሰው ይግጠሙትና ምክንያቱን ይፈልጉ። በየ30 ወይም 60 ሰከንዱ አጭር ጩኸት የሚያሰማ ከሆነ ባትሪው አልቋል። ሙሉ ድምፁን የሚያሰማ ከሆነ ውስጡ አቧራ ወይም ትንሽ ነፍሳት ገብተዋል፣ ወይም የሻወር እንፋሎትና የወጥ ቤት ጭስ ይደርሰዋል፣ ወይም አርጅቷል። ጀርባው ላይ የተመረተበት ቀን አለ፤ 10 ዓመት ካለፈው ቢጮህም ባይጮህም ይቀየራል። አቧራውን ለስላሳ ብሩሽ ባለው ቫኪዩም ዙሪያውን ይምጠጡ፤ በእርጥብ ጨርቅ አይሹት። ከምድጃ ቢያንስ 3 ሜትር ያርቁት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ራሱ ከሆነ ደግሞ ጭስ ሳይሆን ሙቀት በሚለይ ጠቋሚ ይተኩት።

የመሞከሪያ አዝራሩ ድምፁና ኤሌክትሮኒክሱ እንደሚሠሩ ያሳያል፤ ጭስ ወደ ውስጥ መግባቱን ግን አያሳይም። ለዚያ የተዘጋጀ የመሞከሪያ ርጭት አለ። ቀለም ቀቢ ከነቀለሙ የሸፈነውን፣ ወይም ግንባታው ሲያልቅ የፕላስቲክ ክዳኑ ሳይነሳለት የቀረውን ጠቋሚ የሚያጋልጠው ይህ ርጭት ብቻ ነው።

ማዕከላዊ የእሳት ማንቂያ ፓናል ካለዎት በየሳምንቱ ከግድግዳው የማንቂያ ቁልፎች አንዱን ይጫኑ፤ በየሳምንቱ የተለየ ይሁን፤ ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ተሞክረዋል ማለት ነው። ፓናሉ ላይ ቢጫ መብራት እየበራ «ሁሌም እንዲህ ነው» ከተባለ፣ አንድ ቀጠና ለጥገና ተዘግቶ ሳይከፈት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ይታይ።

የአደጋ ጊዜ መብራትን በምን እንሞክር? ጀነሬተር ስላለንስ አያስፈልግም ይሆን?

ያስፈልጋል። ጀነሬተር ለመነሳት ሰከንዶች ይፈጅበታል፤ አንዳንዴም አይነሳም። ማከፋፈያው ሳጥን ራሱ ከተቃጠለ ደግሞ ቢነሳም ፋይዳ የለውም።

በወር አንዴ የመሞከሪያ አዝራሩን ለ30 ሰከንድ ይጫኑ። ብርሃኑ እየደከመ ከሄደ ባትሪው ሊያልቅ ነው። በዓመት አንዴ የመብራቱን ብሬከር አጥፍተው ሙሉ ጊዜውን ያስበሩት፤ በብዙ ቦታ 90 ደቂቃ ነው፣ 3 ሰዓት የሚጠየቅበትም አለ። ባትሪው ዳግም ለመሙላት 24 ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ ይህን ሙከራ ሕንፃው ባዶ ከሚሆንበት ቀን በፊት ያድርጉት። ሁሉንም ፎቅ በአንድ ቀን አይሞክሩ።

አዲስ ባትሪ በገባ በጥቂት ወር ከሞተ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል። መብራቱ የተያያዘው በማብሪያ ማጥፊያ ከሚጠፋ መስመር ጋር ከሆነ፣ ማታ የመጨረሻው ሰው ሲያጠፋ መሣሪያው «መብራት ጠፋ» ብሎ በባትሪ ይበራል። በየሌሊቱ ባትሪው እስኪያልቅ ይነዳል፤ ቀን ላይም ሙሉ በሙሉ አይሞላም። መስመሩ ከማብሪያው በፊት እንዲነሳ ያስተካክሉት። ሌላው ጠላት ሙቀት ነው፤ ጣሪያ ሥር በሚሞቅ ቦታ ያለ ባትሪ ከሌላው ቀድሞ ይሞታል።

ስፕሪንክለርና የእሳት ውሃ ጎማስ?

ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ የሚረጨው) ውሃ የማይሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ቫልቩ ተዘግቶ ስለተረሳ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ለጥገና ይዘጋዋል፤ ሲጨርስ ይረሳል፤ ማንም አያውቅም። ቫልቩን ክፍት አድርገው በሰንሰለት ይሰሩት፤ በየሳምንቱም በዓይን ያረጋግጡ። የእሳት ፓምፑ መምረጫም «አውቶማቲክ» ላይ መሆኑን ይዩ። ከሙከራ በኋላ «በእጅ» ወይም «ዝግ» ላይ የቀረ ፓምፕ ብዙ ነው። የዲዝል ፓምፕ በየሳምንቱ 30 ደቂቃ፣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በየወሩ 10 ደቂቃ ይነሳል።

ከስፕሪንክለሩ ራስ በታች 45 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይሁን። መደርደሪያው ከዚያ ካለፈ ውሃው አይሰራጭም። ራሱ ላይ ቀለም ከነካው ይቀየራል፤ በቤንዚን ወይም በቢላ አይጸዳም። በራሱ ላይ ባለችው ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ቀለም የምትፈነዳበትን ሙቀት ይናገራል፦ ቀይ 68፣ ቢጫ 79፣ አረንጓዴ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ስትቀይሩ ቀለሙን አይለውጡ።

ግድግዳ ላይ የተጠቀለለውን ጎማ በዓመት አንዴ እስከ ጫፉ ዘርግተው ውሃ ይልቀቁበት። ተጠቅልሎ የታጠፈበት ቦታ ላይ ነው የሚሰነጠቀው። ለጽዳት ወይም ለመኪና ማጠቢያ የሚውል ከሆነ አፉ የሚጠፋበት ቀን ሩቅ አይደለም።

የውሃ ታንከር በስንት ጊዜ ይታጠብ? ክሎሪኑስ ስንት ይሁን?

ቢያንስ በዓመት አንዴ፤ ውሃው ደለል የሚያመጣ ከሆነ በየ6 ወሩ። ከመታጠቡ በላይ ግን ክዳኑ ይጠቅማል። ሳይገጥም የቀረ ክዳን ወፍ፣ አይጥና የፀሐይ ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃኑ ደግሞ አረንጓዴ ዝቃጭ ያበቅላል። የትርፍ ውሃ መውጫውና የአየር መተንፈሻው ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት ይኑራቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመግቢያውን ቫልቭ ዘግተው ውሃው እስኪያልቅ ይጠቀሙ። ታች የቀረውን ደለል በማውጫው ሳይሆን በባልዲ ያውጡ፤ በማውጫው ከሄደ ቧንቧውን ይሞላል። ግድግዳውን በብሩሽ ያለ ሳሙና ፈግፍገው ያለቅልቁ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይሙሉትና በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲደርስ ያድርጉ። ለ1,000 ሊትር ውሃ 50 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ማለት ነው፤ ይህም 65 በመቶ ከሆነው የክሎሪን ዱቄት 77 ግራም ገደማ፣ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና ደግሞ 1 ሊትር ነው። ዱቄቱን አስቀድመው በባልዲ ውሃ ያሟሙት። ሽታ የተጨመረበት በረኪና አይጠቀሙ። በረኪና ሲቆይ ኃይሉ ስለሚቀንስ የተመረተበትን ቀን ይዩ። ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ታንከሩ ሞልቶ ሲያበቃ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ እያንዳንዱን ቧንቧ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍተው ይዝጉ። ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ። በመጨረሻ በመለኪያ ሲታይ በሊትር ከ30 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ውስጡ ገና ቆሻሻ አለና ይደገማል። በዚህ ሰዓት ሁሉ ውሃው እንዳይጠጣ በየቧንቧው ላይ ምልክት ይለጠፍ። ቀጥሎ ያስወግዱትና መስመሩን በንጹሕ ውሃ ያጥቡት፤ በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ለአገልግሎት ይከፈታል።

ትልቅ ታንከር ውስጥ ብቻውን የሚገባ ሰው አይኑር። የሚያጥቡበት ቦታ አየር የሌለበት ነው፤ ውጭ ቆሞ የሚያይና በገመድ የሚያወጣ ሌላ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ለወራት ተዘግቶ የቆየ ክፍል ሻወር መክፈት ያስፈራል የሚባለው ለምንድን ነው?

በቧንቧ ውስጥ በቆመ ለብ ያለ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ስለሚራባ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላዴልፊያ ውስጥ በአንድ ሆቴል ስብሰባ ላይ በተነሳ የሳንባ ምች ወረርሽኝ ነው። የሚይዘው ውሃውን በመጠጣት ሳይሆን ደቃቅ ጤዛውን በመተንፈስ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ሥጋት ሻወር፣ የሚረጭ ፏፏቴና ትልልቅ የማቀዝቀዣ ማማዎች ናቸው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ይመቸዋል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ በማሞቂያው ውስጥ 60 ዲግሪ፣ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ቢያንስ 50 ዲግሪ ይሁን፤ ቀዝቃዛው በተቻለ መጠን ከ20 በታች። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ማሞቂያውን 40 ላይ ማድረግ ለባክቴሪያው መልካም ቤት መሥራት ነው። 60 ዲግሪ ግን ቆዳን በሰከንዶች ያቃጥላል፤ ልጆችና አረጋውያን ባሉበት ሻወሩ ጋ ሙቀቱን የሚያለዝብ ማቀላቀያ ቫልቭ ይገጠም።

የማይሠራበትን ቧንቧ ሁሉ በሳምንት አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ያፍስሱ። ሻወሩን ሲከፍቱ ራሱን በፌስታል ሸፍነው፣ የፌስታሉን አንድ ጫፍ ቀደው ያውጡት፤ ውሃው ሳይረጭ ይወርዳል። የሻወር ራስ በየ3 ወሩ ተፈትቶ ከተጠራቀመበት ነጭ ቅርፊት ይጽዳ። ዕቃው ተነስቶ የተደፈነ ቧንቧም ካለ ከዋናው መስመር ላይ ይቆረጥ፤ ሁለት ክንድ የሚያህል የቆመ ውሃ መላውን መስመር ይበክላል።

መጸዳጃ ቤቱ በየቀኑ ይታጠባል፤ ግን ይሸታል።

መጀመሪያ የወለሉን ፍሳሽ ይዩ። ከሥሩ ያለው ሲፎን ውስጥ የሚቀመጠው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውሃ ነው የፍሳሽ ጋዙን የሚያግደው። ወለሉ ውሃ የማይፈስበት ከሆነ ይደርቃል። ሁለት ሊትር ውሃ ያፍስሱበት፤ ሽታው ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነበር። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚሠራበት ክፍል ጥቂት የምግብ ዘይት ቢጨመርበት ትነቱን ያዘገየዋል። በየጊዜው የሚሠራበት ሆኖ በቀናት ውስጥ የሚደርቅ ከሆነ ግን ጣሪያ ላይ የሚወጣው የአየር ቧንቧ ተደፍኗል፤ ከላይኛው ፎቅ የሚወርደው ውሃ የሲፎኑን እየሳበ ይወስዳል።

ማንሆል ውስጥ ማንም እንዳይገባ። እዚያ ያለው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ መስሎት የገባ ሰው ይወድቃል፤ እሱን ለማውጣት የገባውም እንዲሁ።

ብሬከሩ ደጋግሞ ስለሚወርድ በትልቅ ብንቀይረውስ?

ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ የነበረውን 16 አምፔር አንስተው 32 ካደረጉበት፣ ከእንግዲህ ቀድሞ የሚቆርጠው ሽቦው ይሆናል። ጭነቱን ይከፋፍሉ ወይም አዲስ መስመር ያስዘርጉ።

አርሲዲ የሚባለው፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጠው ብሬከር ግን ሌላ ነው፤ የሚጠብቀው ሰውን ነው። ላዩ ላይ ያለውን የመሞከሪያ አዝራር ቢያንስ በየ3 ወሩ ይጫኑ፤ ወዲያው ካልወረደ ይቀየራል። አዝራሩ መሥራቱ የመሬት መስመሩ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እሱን ኤሌክትሪሺያን በመሣሪያ ይለካዋል። የሞቀ ሶኬት፣ የጠቆረ ፕላስቲክና ማከፋፈያው አካባቢ የሚሸት ነገር ለነገ አይባሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ብሎን ነው፤ ብሎኑን ማጥበቅ የሚቻለውም ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ብቻ ነው።

ጀነሬተርና ቡታጋዝ ላይ ምን እንጠንቀቅ?

ከጀነሬተር ጭስ ጋር የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ጀነሬተር ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ በረንዳና በሩ የተከፈተ ጋራዥ «ውጭ» አይደሉም። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ካማረሩና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ሁሉም ይውጡ፤ የጋዙ ምንጭ ሳይታወቅ ማንም አይመለስ። ሰው በሚተኛበት ፎቅ ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ይኑር። ይህም እንደ ጭስ ጠቋሚው ዕድሜ አለው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን ይዩ።

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳልና ወለል ላይ ይተኛል፤ ምድር ቤት ውስጥ ሲሊንደር አያስቀምጡ፤ የቡታጋዝ ጠቋሚውንም ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይግጠሙት። ጎማውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ እንጂ በክብሪት አይሞክሩ።

ግድግዳው ይሻግታል፤ ቀለም ብንቀባውስ?

ተመልሶ ይመጣል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ፦ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የጣሪያ ስንጥቅ ወይም የክፍሉ እንፋሎት። የረጠበ ነገር በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዘዋል። የአየር ማውጫው የሚስብ መሆኑን ለማወቅ አንድ ገጽ ስስ ወረቀት ያስጠጉበት፤ ካልያዘው አቧራው ይጽዳ ወይም ሞተሩ ይታይ።

የደረጃ መደገፊያና የበረንዳ አጥርም ይፈተሻል?

አዎ፤ በዓመት ሁለቴ። ብረቱ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባበት ሥሩ ላይ ነው የሚዝገው፤ ቀለሙ ከላይ ያማረ ሆኖ ታች ብረቱ አልቆ ሊሆን ይችላል። በመዶሻ ጫፍ መታ ያድርጉት፣ በእጅዎ ወዘወዝ ያድርጉት። አጥሩ ከ1 እስከ 1.1 ሜትር ይሁን፤ በዘንጎቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ኳስ ማለፍ የለበትም፤ የሕፃን ገላ የሚያልፈው ከዚያ በላይ በሆነ ክፍተት ነው። የደረጃ መደገፊያ ከፍታው ከ86 እስከ 96 ሴንቲ ሜትር ነው።

መዝገቡ ላይ ምን ይጻፍ?

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር ስጡትና ላዩ ላይ ለጥፉ። ከዚያ ቀን፣ ቁጥር፣ ምን ተሞከረ፣ ምን ተገኘ፣ ማን ሞከረ፣ ምን ተደረገ። ጥሩ መዝገብ ይህን ይመስላል፦ «በር 3-07፣ ሦስተኛ ፎቅ ምሥራቅ። ጣት ያህል ተከፍቶ ሲለቀቅ አልቆለፈም። የክንዱ ዘይት ፈስሷል። ክንዱ ተቀየረ፤ ዳግም ተሞክሮ ቆለፈ።» መጥፎው ደግሞ ከላይ እስከ ታች «ደህና፣ ደህና፣ ደህና» የሚል ነው። ብዙ መሣሪያ ባለበት ሕንፃ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጉድለት ያልተጻፈበት መዝገብ ካዩ፣ ምንም እንዳልተሞከረ ይጠርጥሩ።

ሠራተኛ መጥቶ ጥገና ጨርሶ ከሄደ በኋላ ምን እንይ?

ከመሄዱና ሂሳቡ ከመከፈሉ በፊት አብረውት ይዙሩ። የዘጋቸው ቫልቮች ተከፍተዋል? የማንቂያው ፓናል ላይ የዘጋው ቀጠና ተመልሷል? ጠቋሚዎቹ ላይ ያደረገው የአቧራ መከላከያ ተነስቷል? ገመድ ለማሳለፍ በእሳት ተከላካይ ግድግዳ ላይ የበሳው ቀዳዳስ? እዚያ ላይ ተራ ፎም ወይም ጂፕሰም የተጠቀጠቀበት ካርቶን ሞልቶበት ከሆነ ያስነሱት፤ ቀዳዳው እሳትን ለማገድ በተሠራ ማሸጊያ እስከ ግድግዳው ውፍረት መሞላት አለበት። ጣሪያው ከመከደኑ በፊት ፎቶ ያንሱትና ከመዝገቡ ጋር ያያይዙት፤ ከተከደነ በኋላ ማን ምን እንደሞላበት የሚያውቅ አይኖርም።